የክትባት ክፍል ሲመዘን፦ ብልቃጡ፣ መርፌውና መስተንግዶው

ስለ ክትባት የሚሰጥ አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን ይመዝናል፤ ይከላከላል ወይስ አይከላከልም፣ ያማል ወይስ አያምም። እዚህ የሚመዘነው አገልግሎቱ ነው፤ ከማቀዝቀዣው እስከ ካርዱ ያለው መንገድ በሙሉ። "አልከተብም፣ ልጄንም አላስከትብም" ከሚል ሰው ጋር ረጋ ብሎ ለተቀመጠ፣ ከቃሉ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የሚወጣው አንድ የከፋ ቀን ነው፦ ግማሽ ቀን ተሰልፎ "የዛሬው አልቋል" የተባለበት፣ ጥያቄ ጠይቆ የተገላመጠበት፣ ትኩሳት ሊመጣ እንደሚችል ማንም ሳይነግረው ልጅ ታቅፎ ያነጋበት። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ መድኃኒቱ ጠንካራ ነው፤ ዕቃውም ከበፊቱ በብዙ ተሻሽሏል፤ አገልግሎቱ ነጥብ የሚጥለው አንደበቱ ላይ ነው።

ከማቀዝቀዣው እንጀምር። ተከታቢው አያየውም፤ ነገር ግን እዚያ የተበላሸውን በኋላ ማንም አያቃናውም። መደበኛ ክትባቶች ከ+2 እስከ +8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ይቀመጣሉ። ሙቀት እንደሚያበላሻቸው ሁሉም ያውቃል፤ የሚዘነጋው ቅዝቃዜው ነው። የመንጋጋ ቆልፍ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የኤችፒቪ (የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ)፣ የሳንባ ምች፣ እንዲሁም አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታ የአሉሚኒየም ጨው አለባቸው። አንዴ በረዶ ከሠሩ ጨዉ ተጓጉሎ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ቢቀልጡም ኃይላቸው አይመለስም። ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ በክፋት ሳይሆን በትጋት ነው፦ "ይበልጥ ይቀዝቅዝ" ብሎ ብልቃጡን ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ጋር ማስጠጋት፣ ወይም አይስ ፓኩን ከፍሪዘር እንዳወጡ ወደ መያዣ ሳጥኑ መክተት። አይስ ፓክ በክፍሉ ሙቀት ይቆያል፤ ሲወዘወዝ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ ከተሰማ ለመያዣው ደርሷል። በቤት ማቀዝቀዣ ለሚሠሩ ደግሞ በሩም ታችኛው መሳቢያም የክትባት ቦታ አይደሉም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፣ መሳቢያውም ሙቀቱ አይታመንም።

በረዶ ሠርቷል ተብሎ የተጠረጠረ ብልቃጥ የሚፈተንበት ዘዴ አለ። ከዚያው አምራችና ከዚያው ባች (በአንድ ዙር ከተመረተው) አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዝና እንዲቀልጥ ይደረጋል። ከዚያ ሁለቱን በአንድ እጅ ይዞ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መወዝወዝና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ማቆም ነው። የተጠረጠረው ከተበላሸው እኩል ወይም ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣላል፤ ዝግ ብሎ ከዘቀጠ ይሠራል። በዓይን ብቻ አይቶ "ደህና ይመስላል" ማለት ፈተና አይደለም።

ለሙቀቱ ግን ተከታቢው ራሱ ሊያየው የሚችል ምልክት አለ። በብዙ ብልቃጦች ላይ በክብ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ አራት ማዕዘን ትታያለች። ባለሙያዎቹ ቪቪኤም ይሏታል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአፍ በሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ላይ ነው ሥራ የጀመረችው። አራት ማዕዘኗ ከዙሪያዋ ክብ ከነጣች ብልቃጡ ደህና ነው፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለች ወይም ከጠቆረች አይሰጥም። ስለ በረዶው ግን ምንም አትናገርም፤ ይህን የሚያምታቱ ባለሙያዎችም አሉ። "ብልቃጡን ላየው እችላለሁ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ክፍል ሳይጠየቅም ያሳያል። ደካማው ጥያቄውን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፤ ለእኛ ይህ ብቻውን አንድ ነጥብ ያስቀንሳል።

ቀጥሎ በአገልግሎቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሆነው ደቂቃ ይመጣል፤ የዱቄቱ መበጥበጥ። የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ ቢሲጂና የኩፍኙ በደረቁ ነው የሚመጡት፤ የሚሟሙትም ከዚያው አምራች አብሮ በተላከው ማሟሚያ ብቻ ነው። "ውኃ ያው ውኃ ነው" የሚል አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም፤ የአንዱ ማሟሚያ ለሌላው አይሆንም። ማሟሚያውም አስቀድሞ እንደ ክትባቱ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሞቅ ያለ ፈሳሽ ሕያው ተሕዋሱን ይጎዳዋል። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው ቢበዛ 6 ሰዓት ነው፤ የዕለቱ ሥራ ከዚያ በፊት ካለቀ ደግሞ ያኔ ይጣላል። ተሕዋስ እንዳያድግበት የሚከላከል ነገር ስለሌለው፣ አንድ ጊዜ በመርፌ የገባ ባክቴሪያ እየተራባ መርዝ ያመርታል። ስለዚህ የተበጠበጠበት ሰዓት ብልቃጡ ላይ መጻፍ አለበት። ሰዓት ያልተጻፈበት ብልቃጥ በምንም ምክንያት አይታመንም፤ "አሁን ነው የከፈትነው" ቢባልም።

ይህ የወረቀት ጥንቃቄ እንዳልሆነ ሁለት አጋጣሚዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሶርያ ኢድሊብ የኩፍኝ ክትባት በማሟሚያው ፈንታ ጡንቻ በሚያዝል የማደንዘዣ ክፍል መድኃኒት ተበጥብጦ 15 ሕፃናት ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሳሞአ ተመሳሳይ ስሕተት ሁለት ሕፃናትን ገደለ። የሳሞአው ታሪክ ግን እዚያ አላበቃም። ክትባቱ ለወራት ተቋረጠ፤ ሲመለስም ብዙ ወላጅ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ገባና 83 ሰው ጨረሰ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ክትባትን የሚያስጠላው ወሬ ከክፍሉ ውጭ ቢራባም መነሻው ክፍሉ ውስጥ የተፈጸመ አንድ ስሕተት ነበር። ለዚህ ነው በክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሌላ መድኃኒት፣ ናሙናም ሆነ የሠራተኛ ምሳ መገኘቱን በሳቅ የማናልፈው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነገር አለ፦ "ልጆች ሲሞሉ ነው የሚከፈተው፤ ሌላ ቀን ይምጡ።" ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ የቢሲጂ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ20፣ የኩፍኙ ደግሞ ለ10 ልጅ የሚሆን መጠን ይይዛል፤ ለአንድ ልጅ ተከፍቶ ከ6 ሰዓት በኋላ የቀረው ሲጣል ባለሙያው ብክነት ብለው ይጠይቁኛል ብሎ ይሰጋል። ሒሳቡ ግን የተገለበጠ ነው። የተጣለ ብልቃጥ ይተካል፤ የተመለሰች እናት ግን ላትመጣ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡን ክፈቱ የሚል ነው። ብክነቱን መቀነስ የሚፈልግ ክፍል የቢሲጂና የኩፍኝ ቀን ለይቶ በር ላይ ይለጥፍ፤ ያን ቀን ግን የመጣን ሰው አይመልስ። ፈሳሽ ሆነው የሚመጡት እንደ ፔንታ ያሉት በደንቡ መሠረት በቅዝቃዜ ከተያዙና ቀናቸው ካላለፈ ከተከፈቱ በኋላ እስከ 28 ቀን ሊያገለግሉ ስለሚችሉ፣ በእነሱ ሰበብ ሰው መመለስ ምንም ማመካኛ የለውም።

መርፌው ላይ ስንደርስ የምንለው ያንሳል፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ ይበልጥ የሰለጠነው ክፍል ይህ ነውና። አንዴ ከሠራ በኋላ ራሱን የሚቆልፈው ስሪንጅ ያንኑ መርፌ ለሁለተኛ ሰው መጠቀምን ከባድ አድርጎታል። አንድ ባሕርይ ግን አለው፦ መግፊያው ወደ ኋላ የሚሳበው አንዴ ብቻ ነው። እንደ ድሮው አየር ስቦ ብልቃጡ ውስጥ ለመንፋት የሞከረ ሰው ስሪንጁን ሳይጠቀምበት ይቆልፈዋል። ቢሲጂ ለሕፃን 0.05 ሚሊ ሊትር ቆዳ ውስጥ ይሰጣል፤ ትክክል ከገባ ቆዳው ላይ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለች ትንሽ እብጠት ትቆማለች፣ ካልቆመች ጠልቆ ገብቷል። ፔንታ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በጭኑ ውጫዊ ጎን መካከል ላይ፣ ቀጥ ብሎ ጡንቻ ውስጥ። መቀመጫ ላይ መውጋት የቆየ ልማድ ነው፤ ነርቭ የመንካት አደጋ አለው፣ ስቡም የአንዳንዱን ክትባት ኃይል ይቀንሳል። ሁለት መርፌ አንድ ጭን ላይ ከሆነ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ።

ለአዋቂዎች ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር ያልተያያዘ የትከሻ ሕመም አለ። ቆሞ የሚወጋ ባለሙያ ተቀምጦ ለሚወጋ ሰው መርፌውን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ እጅጌው ከታች ተጠቅልሎ በመነሣት ፈንታ ሸሚዙ ከአንገት ሲጎተትም እንዲሁ። መርፌው ከጡንቻው አልፎ መገጣጠሚያው አካባቢ ሲያርፍ ትከሻው ለወራት ሊያም ይችላል። መድኃኒቱ "ክንዴን ገደለኝ" ተብሎ የሚታማው በአንድ ጣት ስፋት ስሕተት ነው። መፍትሔው ወንበር ነው፤ ሁለቱም ተቀምጠው፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተገልጦ፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ።

ስለ ሕመሙ ያለው ምክር ቀላል ነው፤ የሚተገበረው ግን በጥቂት ቦታ ነው። ልጅ ተጋድሞ ሳይሆን ታቅፎ ይወጋ፤ ጡት የሚጠባ እየጠባ ይወጋ፤ ደም አለ የለም ብሎ መግፊያውን ወደ ኋላ መሳብ ይቅር፣ ሕመሙን ያረዝማል እንጂ አይጠቅምም፤ ከመርፌዎቹ ይበልጥ የሚያመው መጨረሻ ይሁን፤ ከተወጋ በኋላ ቦታው አይታሽ። "አያምም" ማለት ደግሞ ልጁን ለሁለተኛው መርፌ ውሸታም ብሎ እንዲጠብቃችሁ ማስተማር ነው።

ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በፊት ብርቱ አለርጂ የገጠመው 30። ብዙ ክፍሎች ይህን ይሉታል፣ ግን የሚቀመጡበት ወንበር የላቸውም፤ ሰውም ይሄዳል። የሚፈራው አናፊላክሲስ ነው፤ ከሚሊዮን ክትባት በአንዱ ገደማ የሚደርስ ብርቱ አለርጂ። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ 1፡1000 የሚባለው፣ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ 0.5 ሚሊ ግራም፣ በጭኑ ውጫዊ ጡንቻ። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ያለ አድሬናሊን እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህ እጅግ የሚበዛው ግን ተራው ራስ መሳት ነው፤ በተለይ በአሥራዎቹ ዕድሜ። የሳተው ሰው ይነጣል፣ ልቡ ዝግ ይላል፣ ሲጋደም ይነቃል። አለርጂው ልብ ያፋጥናል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ፊት ያሳብጣል።

ትምህርት ቤት ውስጥ አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹም ተከትለው ሊወድቁ ይችላሉ። ማስመሰል አይደለም፤ ፍርሃት በሰውነት ላይ የሚያመጣው እውነተኛ ምላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኮሎምቢያዋ ኤል ካርመን ደ ቦሊቫር ከኤችፒቪ ክትባት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች በዚህ መልክ ታመሙ፤ ምስሉ በየስክሪኑ ዞረ፣ የአገሪቱ የኤችፒቪ ክትባትም ወደቀ። ወረፋው መርፌው የማይታይበት ቦታ ቢሆን፣ ተማሪዎቹ በልተው ቢመጡ፣ የሳተችው ቶሎ ወደ ጸጥተኛ ክፍል ብትወሰድ ብዙው ይቀር ነበር። "ምንም አልሆንሽም" ብሎ መገሠጽ ግን ቤተሰቡን ጭምር ያስቆጣል።

አሁን ነጥብ የሚጣልበት ዋናው ነገር፤ ንግግሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ክትባትን ማመንታት ከዓለም አሥር የጤና ሥጋቶች አንዱ ብሎ መዘገበው። ማመንታቱን የሚያጠኑ ሰዎች በሦስት ነገር ይተነትኑታል፦ አለመተማመን፣ መዘናጋትና አለመመቸት። የሚገርመው፣ ብዙ ክፍሎች ያመነታን ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ብቻ አድርገው ይይዙታል። ሥራ ትቶ የሚመጣበት ሰዓት ያጣውን አባት ስለ ክትባት ደኅንነት ማስተማር ምን ይጠቅመዋል? የሚፈልገው ከሥራ በኋላ የተከፈተ በር ነው። "ኩፍኝ እኮ ጠፍቷል" የምትለዋ ደግሞ የተዘናጋች ናት፤ ለእሷ የሚነገራት ሌላ ነው፦ አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ መከላከያ በሌላቸው ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል፣ ስለዚህም በሽታው እንዳይዛመት 95 በመቶ የሚሆን ሰው መከተብ አለበት።

በእውነት የተጠራጠረው ሰው የሚጠይቀው አነጋገር ሌላ ነው። አከፋፈቱ ላይ "ምን እናድርግ፣ ይከተብ?" ከማለት "ዛሬ ሁለት መርፌና ጠብታ አለው" ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥርጣሬን ይጋብዛል፣ ሁለተኛው ደግሞ የተለመደ ነገር መሆኑን ይነግራል። ጥያቄ ከመጣ ግን ግፊቱ ያቁም። "ምን ሰምተው ነው ያሳሰብዎት?" ብሎ መስማት፣ ቀጥሎም "የማውቀውን ልንገርዎት?" ብሎ ፈቃድ መጠየቅ። ኦቲዝምን ያነሳች እናት ላይ የእንግሊዛዊውን ሐኪም የአንድሩ ዌክፊልድን ታሪክ ማራገፍ፣ ማለትም የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ የቀረበው ጽሑፍ በ2010 በላንሴት መጽሔት መሰረዙን መተረክ፣ እውነት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከጥያቄዋ ያልፋል። እሷ የጠየቀችው "ከዚህ መርፌ በኋላ ልጄ ምን ይሆናል?" ነውና።

ለዚያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ዝርዝር ነው፤ እዚህ ላይ ነው ስንት ክፍል የሚወድቀው። ከፔንታ በኋላ ትኩሳትና የጭን ማበጥ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይመጣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ የተወጋው ቦታ ላይ የምትዳሰስ ጠንካራ እባጭ ግን ለሳምንታት ልትቆይ ትችላለች። የኩፍኙ ትኩሳት ከ7 እስከ 12 ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ወላጅ ክትባቱን ረስቶታል፣ ሌላ በሽታ መስሎት ይሮጣል ወይም "ክትባቱ አሳመመው" ይላል። ቢሲጂ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ በወራት ውስጥ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ይህ ያልተነገራት እናት መርፌው መግሏል ብላ ቅባት ትቀባለች፣ ትጨምቃለች፤ ለጎረቤትም ትናገራለች። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓት፤ ከመርፌው በፊት "ለማንኛውም" ብሎ መስጠት ግን በመደበኛነት አይመከርም። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ትኩሳቱ ከ48 ሰዓት ካለፈ፣ ልጁ መጥባት ካቆመ ወይም ካንቀጠቀጠው ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሐኪም ነው።

ሰው ያለ ምክንያት የሚመለስበት ሌላው ሰበብ ትንሽ ጉንፋን ነው። ጉንፋን፣ ቀላል ተቅማጥ፣ አንቲባዮቲክ መውሰድ፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ የሰውነት መክሳት፣ አንዳቸውም ክትባት አያስቀሩም፤ የከሳውማ ይበልጥ ያስፈልገዋል። የሚያስቀረው ከቀደመው ተመሳሳይ ክትባት በኋላ የታየ ብርቱ አለርጂ ነው። ሕያው ተሕዋስ ያለባቸው እንደ ኩፍኝ ያሉት ደግሞ ለነፍሰ ጡርና የመከላከያ አቅሙ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው አይሰጡም።

በመጨረሻ ካርዱ። ጥሩ ክፍል የክትባቱን ስም፣ ቀን፣ የባች ቁጥርና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በሚነበብ ጽሕፈት ይሞላል፤ ወላጁንም ቀጠሮውን መልሶ እንዲናገር ያደርጋል። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ተሰድቦ "እንደገና ከመጀመሪያው" ከተባለ የተሳሳተው ባለሙያው ነው፤ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ አይጀምርም። በፔንታ መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይሁን እንጂ መርዘሙ የቀደመውን አይሰርዝም። የቢሲጂ ጠባሳ አልታየም ተብሎም መርፌው አይደገምም፤ ካርዱ ላይ መሰጠቱ ከተጻፈ በቂ ነው።